አዮዲን የነካው ጠርሙስ

የሆስፒታሉ ሰዎች «እትዬ አፍንጫ» ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል በር ላይ ቆማ፣ «እዚህ ውስጥ ሦስት ቀን ካልሲ ያልቀየረ ሰው አለ» ብላ ሳትገባ ተመለሰች። ባለ ካልሲው ራሱ ቀልደኛው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናት አባቷ ያወጡላት ስም ቀረና ይኸው ቅጽል ጸናባት።

ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ ዓመት የሠራችው ምድር ቤት፣ የመሣሪያ ማምከኛ ክፍል ውስጥ ነው። ከላይ ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚወርደው መቀስ፣ ወረንጦና መቆንጠጫ ሁሉ ደሙ እንደ ደረቀበት በትሪ ተጭኖ እሷ ፊት ይቀርባል። ትነክረዋለች፣ ማጠፊያውን ትከፍተዋለች፣ በቀጭን ብሩሽ ጥርስ ጥርሱን ትፈትገዋለች፣ ከዚያ ጠቅልላ ወደ እንፋሎት ማሽኑ ታስገባዋለች። ደም አይቀፋትም። ብረት ላይ ያለ ደም ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ደግሞ ይታጠባል። የሚቀፋት ሰው ነው። ሰው አፉን ከፍቶ ሲያኝክ፣ ጣቱን ልሶ ገጽ ሲገልጥ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የጠረገውን መልሶ ሲውጥ ሰውነቷ ይሸማቀቃል። የትም ስትሄድ የራሷን ብርጭቆና የራሷን ውሃ በቦርሳዋ ይዛ ነው።

በሃያ ስምንት ዓመቷ አንድ ደህና ሰው ሊያገባት ፈልጎ ነበር። መምህር ነው፣ ጨዋ ነው፣ መልከ መልካም ነው። እቤት መጥቶ ከአባቷ ጋር ሲጨዋወት አስነጠሰውና አፍንጫውን በመዳፉ ጠርጎ በዚያው መዳፍ ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። እሷ ሁለት እጇን ከኋላዋ ደብቃ ቀረች። ነገሩም በዚያው ቀረ። «በንፍጥ የተነሳ ቆማ የቀረች» እያለ ታላቅ ወንድሟ እስከ ዛሬ ይስቅባታል።

ጋሼ የምትለው ይህ ወንድሟ ጡረታ የወጣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የኖረው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው ዓመት አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው መጥቶ ቢራ በቤት መጥመቅ አስተማረው፤ ብቅሉን ማፍላት፣ መራራውን አበባ መጨመር፣ አቀዝቅዞ እርሾ መበተን፣ ከዚያ መጠበቅ። መጠበቁ ሳይሆን አይቀርም የበጀው። ነገ የሚያየው ነገር ያለው ሰው ሆነ። ጢሙን መላጨት ጀመረ።

ያለችው አንዲት ልጁ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርቷ፣ ልታገባ አምስት ወር ሲቀራት አባትየው ለእንግዳው ሁሉ የሚቀርበውን ቢራ እኔ ነኝ የምጠምቀው ብሎ ማለ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እህቱን ጠራት።

«ነይና ቅመሺ» አላት በስልክ። «ጉድ ነው የሠራሁት!»

ጉድ ነበር እውነትም።

አራት ፎቅ ባለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። የልብስ ማጠቢያ የነበረችው ጠባብ ክፍል ጠመቃ ቤት ሆናለች። እትዬ አፍንጫ ኮሪደሩ ላይ እንዳለች ሽታው ተቀበላት። የኮመጠጠ ነገር፣ የእርጥብ ጨርቅ ነገር፣ ከሥር ደግሞ ሌላ፣ ስም ያላወጣችለት ነገር። ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች።

ወንድሟ ደብዛዛ ነገር የሞላበት ብርጭቆ ይዞ ጠበቃት። «ጠጪ!»

«መጀመሪያ የሠራህበትን ልየው።»

«ምኑን ታይዋለሽ? ባልዲ ነው።»

ባልዲ ነበር፤ ያውም የግድግዳ ቀለም ባልዲ። ክዳኑ ጠርዝ ላይ አሁንም አረንጓዴ ቀለም ተለጥፎ ይታያል። ከታች በኩል የፕላስቲክ ቧንቧ ተገጥሞለታል። ቢራ የሚያስተላልፍበት ጎማ ከጎን ባለው ሽንት ቤት፣ ከመቀመጫው ጀርባ ምስማር ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ማማሰያው ላይ ጸጉር አለ። አጭር፣ ነጭ፣ የጢም ጸጉር። ሁሉንም የሚያደርቅበት ፎጣ መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል፤ ቀለሙ የመኪና ዘይት የተጠረገበት ይመስላል።

«ይኼን ፎጣ ሌላ ለምን ትጠቀምበታለህ?»

«ለፊቴ» አለ ወንድሟ ሳያፍር።

ቦርሳዋን ከፍታ ጓንት አወጣች። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ ሁለት ጥንድ ከቦርሳዋ ጠፍቶ አያውቅም። ቧንቧውን ከባዶው ባልዲ ላይ ፈታችው፤ ከዚያ ቧንቧውን ራሱን ለሁለት ሳበችው። ከመሃሉ ግራጫ ቀለም ያለው ዝልግልግ ነገር እንደ ንፍጥ ተጎትቶ ወጣ። መክፈቻው ዙሪያ የተጣበቀ የብቅል ገለባ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። ሻጋታው ሥር ደግሞ ሦስት ወይም አራት የሚሆኑ ትናንሽ ነገሮች አሉ።

«እሱ እርሾ ነው» አለ ወንድሟ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ።

«እርሾ አይላወስም፣ ጋሼ።»

ትሎቹ ከብርሃኑ ለመሸሽ አንዱ በአንዱ ላይ ይንፏቀቃሉ። ቋቅ አላት። ምራቋን መዋጥ አቅቷት መስኮት ከፍታ ወደ ውጭ ተነፈሰች። ወንድሟ ግን ብርጭቆውን አየት አድርጎ፣ ትከሻውን ነቅንቆ ጭልጥ አደረገው።

«አንተ ሰው ነህ?!»

«ሃያ ሰባት ዓመት የመንገድ ዳር ምግብ የበላ ሆድ ነው። ይኼ ምን ያደርገዋል?»

«ያንተስ ሆድ እሺ። መቶ ሃምሳ እንግዳ ሽንት ቤት በር ላይ ልታሰልፍ ነው? በልጅህ ሠርግ?»

ልጅቷ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አክስቴ፣ እኔ ብናገር ብናገር አልሰማ ብሎኛል። አንቺን ካልፈራ ማንንም አይፈራም።»

እንዲህ ነው የገባችበት። ቢራ አትወድም፤ ሽታው ራሱ ያቅለሸልሻታል። ነገር ግን የሷ ዘመድ እጅ ሰው ሲመርዝ ቁጭ ብላ የምታይ አይደለችም።

በሳምንቱ አዲስ የምግብ በርሜል፣ አዲስ ጎማና አንድ ጥቁር ቡናማ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ጠርሙሱን ያገኘችው የወተት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ውስጡ ለምግብ ዕቃ የሚሆን አዮዲን አለ። ቀለም ባልዲውንና ፎጣውን በራሷ እጅ ወስዳ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረቻቸው።

«አሁን ስማኝ» አለችው። «ሁለት ሥራ ነው፤ አታምታታው። መጀመሪያ ማጠብ ነው። በሳሙና፣ በብሩሽ፣ ሁሉም ነገር ተፈታቶ። ቆሻሻ ካለ አዮዲኑ ጉልበቱን እሱ ላይ ይጨርስና ለጀርሙ አይተርፍም። ከታጠበ በኋላ ነው ይኼ።» በስሪንጅ አሥራ አምስት ሚሊ ለካችና ሃያ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለቀቀችው። ውሃው የቀጠነ ሻይ መሰለ። «ሙቅ ውሃ አይሆንም፤ አዮዲኑ ተንኖ ይጠፋል። ሁለት ደቂቃ ይነከራል። ከዚያ ይዘቀዘቃል፣ ይንጠፈጠፋል። አለቀ።»

«ከዚያ አለቀልቀዋለሁ።»

«አታለቀልቀውም!»

«እንዴት? መድኃኒት ላጠጣቸው ነው?»

«በዚህ መጠን የሚቀረው ጠብታ አይጎዳም፣ አይጣፍጥም፣ አይሸትም። ስታለቀልቀው ግን በቧንቧ ውሃ ያለውን ተባይ ሁሉ መልሰህ ጠራህ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ደከምን?»

ወንድሟ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ሽታው…» ብሎ ጀመረና ተወው። እሷ ግትርነቱ መሰላት። ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አንድ ነገር አልፈልግም ሲል ነው እንዲህ ፊቱን የሚያዞረው።

አንድ ነገር ግን ገርሟታል። ሻይ የመሰለው ቀለም ቶሎ ፈዘዘ። ሆስፒታል እያለች የምታውቀው አዮዲን ይህን ያህል ሰነፍ አልነበረም። በርሜሉ በደንብ አልታጠበም ማለት ነው ብላ እንደገና በሳሙና አሸችው፤ አዲስ ቀላቅላ ነከረችው፤ ዘቅዝቃው ወደ ቤቷ ሄደች። የፈላው ብቅል እስኪቀዘቅዝ የመቆየት ትዕግሥት አልነበራትም፤ ሽታው ጸጉሯ ውስጥ ገብቶባት ነበር።

በሁለት ሳምንቱ ክዳኑን የከፈቱት ሦስቱም ባሉበት ነው። ላዩ ላይ እንደ ተጨማደደ የሽማግሌ ቆዳ ያለ ነጭ ነገር ተዘርግቷል። ልጅቷ በማንኪያ ነካ ስታደርገው ተሸብሽቦ ተከትሏት መጣ። ከሥሩ ያለው ቢራ እንደ እንቁላል ነጭ ይሳባል። ሽታው ደግሞ ጡት የሚጠባ ልጅ ትከሻ ላይ የተፋው ወተት፣ ያውም ሳይጠረግ ያደረ ወተት ነው። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሮጠች።

ሽንት ቤት ደፉት። ጉልግል፣ ጉልግል እያለ ሲወርድ አንዳንዱ መውረድ እምቢ ብሎ መቀመጫው ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። አንዴ ውሃ ለቀቁበት፣ ሁለቴ ለቀቁበት፤ ሦስተኛውን ግን እሷ ቆማ ማየት አልቻለችም።

«ያንቺ አዮዲን ነው ያበላሸው!» አለ ወንድሟ ባዶውን በርሜል እያጋጨ። «እኔ በቀለም ባልዲ ስጠምቅ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም!»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኔ እጅ የወጣ አንድ መቀስ ተመልሶብኝ አያውቅም! አንድ! የኔን ሥራ አታንቋሽሽ!»

«እንግዲያው መቀስ ጥመቂ!»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሳምንት ተኮራረፉ። ያስታረቀቻቸው ልጅቷ ናት፤ ለሁለቱም ደውላ ያንኑ ተናገረች። «እኔ ሠርጌ ላይ ውሃ ብቻ ቢቀርብም አይከፋኝም፤ እናንተ ሁለታችሁ ተኮራርፋችሁ ከተቀመጣችሁ ግን አላገባም።»

ተመለሰች። ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው፣ ራሷ ፈትታ፣ ራሷ ፍቃ፣ ራሷ ነክራ፣ ራሷ ዘቀዘቀችው። ደረጃውን ወርዳ መንገድ ልትሻገር ስትል መነጽሯን መደርደሪያው ላይ እንደረሳችው ትዝ አላት። ተመልሳ ወጣች። በሩ አልተቆለፈም።

ወንድሟ በርሜሉን ማጠቢያው ውስጥ አጋድሞ ቧንቧ ለቆበታል። ውስጡን በባዶ እጁ እያሸ፣ እየደፋ፣ እንደገና እየሞላ ያለቀልቃል። ጎማውንም እንዲሁ። ጥፋት የሠራ ሰው አይመስልም፤ አንድ ነገር ከላዩ ላይ ሊያስለቅቅ የሚታገል ሰው ነው የሚመስለው። በአፉ ነበር የሚተነፍሰው።

«ጋሼ!»

ደንግጦ በርሜሉን ለቀቀው።

«ያን ጊዜም አለቅልቀኸዋል እንዴ? በኔ አዮዲን ስታሳብብ አለቅልቀህ ነበር?!»

«አለቅልቄ ነበር።»

«ለምን? ደግሜ ደጋግሜ ነገርኩህ እኮ! ደነዝ ነህ?»

ወንድሟ ቧንቧውን ዘጋው። እጁን ሱሪው ላይ አደራርቆ የማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተደገፈ። ትልቁ ድምፁ የት እንደ ገባ አልታወቀም።

«ሽታው የእግሯ ሽታ ነው» አለ።

መጀመሪያ አልገባትም።

«ስምንት ወር በየጠዋቱ የሚስቴን ቁስል እኔ ነኝ ያጠብኩላት። ነርሷ አስተማረችኝ። ፋሻውን አርጥቤ እፈታዋለሁ፤ ቆዳው አብሮ ይመጣል። ከዚያ በአዮዲን። የእግር ጣቶቿ ጠቁረው ነበር መጨረሻ ላይ። አንድ ቀን አንዱ ጣቷ ፋሻው ውስጥ ቀረ። እሷ አላየችም፤ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ምን ላድርገው? ከዚያ በኋላ ያን ቡናማ ነገር በሸተተኝ ቁጥር እጄ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቢራዬ ውስጥ እሱን መጨመር አልቻልኩም። በቃ አልቻልኩም። ትስቂብኛለሽ ብዬ አልነገርኩሽም።»

እትዬ አፍንጫ አልሳቀችም። መነጽሯን ለማንሳት የዘረጋችው እጅ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

ያን ስምንት ወር እሷ የት ነበረች? በር ላይ። በየሁለት ሳምንቱ ፍራፍሬ በፌስታል ይዛ ትመጣና ለልጅቷ ሰጥታ ትመለሳለች። «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስተላልፍባት።» ስምንት ወር ሙሉ ጉንፋን! ነገሩ ሽታው ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሚቀበላት የሚበሰብስ ሥጋ ሽታ። ከመቀስ ላይ የደረቀ ደም ስትፍቅ ያልተሸማቀቀች ሴት የምትወዳትን የወንድሟን ሚስት ሽታ መቋቋም አቃታት። አንድ ቀን ከውስጥ፣ «እሷ ናት? ግቢ በያት» የሚል የደከመ ድምፅ ሰምታ ነበር። እንዳልሰማ ሆና ደረጃውን በፍጥነት ወረደች። ከታች ደርሳ የሕንፃው በር ጋ አስመለሳት።

«እኔ አንዴም አልገባሁም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጉንፋን አልያዘኝም ነበር።»

«እሷም ታውቅ ነበር። ‹ተዋት፣ አፍንጫዋ ነው› ትለኝ ነበር።»

ይህን ሲል በቃሉ ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የባሰባት። በሕይወቷ ብዙ ነገር ተጸይፋለች፤ ያን ቀን ግን የሚቀፋት ነገር ከራሷ ቆዳ ውስጥ ነበር፣ የሚታጠብበት ብሩሽም አልነበረም። ጓንቷን አወለቀች። የምትይዘው ነገር ስላጣች በቦርሳዋ ያለውን ብርጭቆ አወጣች፤ ውሃዋን መጠጣት ፈለገች፤ የያዘችው ጠርሙስ ባዶ ነው። ሳታስበው ከማጠቢያው ቧንቧ ቀዳችና ወደ አፏ አስጠጋችው።

አፏ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይኼን ውሃ ትጠጣለህ?»

«ሌላ ምን እጠጣለሁ?»

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ጥርት ያለ ይመስላል። አንዲት ቅንጣት ግን ትንሳፈፋለች፤ ቀጭን፣ ግራጫ፣ ጫፏ የተሰነጣጠቀ። ሽታው ደግሞ ያ መጀመሪያ ቀን ኮሪደሩ ላይ ስም ያላወጣችለት ሽታ ነው። ሳሙናው፣ ቢራውና አዮዲኑ ሸፍነውት ነው እንጂ እዚሁ ነበር። የአዮዲኑ ቀለም ለምን ቶሎ እንደሚፈዝ ገባት። በርሜሉን ሳይሆን ውሃውን ነበር ሲታገል የኖረው።

«ይኼ ሕንፃ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ጣሪያው ላይ ካለው ታንከር።»

ቧንቧ ሠራተኛ ጠሩ። ቀጭን፣ ሲጋራ ከጆሮው ላይ የማይጠፋ ሰው ነው። «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይቁሙ፣ ጣሪያው ያንሸራትታል» ቢላትም አልሰማችውም፤ ተከትላው ወጣች። ወንድሟ ከኋላ እያለከለከ ነው። የታንከሩ ክዳን የለም። በነፋስ ተነስቶ ኖሮ ከጣሪያው ጥግ ወድቆ ፀሐይ አሰንጥቆታል። ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ውስጥ አጎነበሰና፣ «ወይኔ ጉዴ» አለ።

ሁለት ርግቦች ናቸው። አንዷ ገና ርግብ ትመስላለች፤ ክንፏ ተዘርግቶ ውሃው ላይ ተኝታለች። ሌላዋ ርግብነቷን ከተወች ቆይታለች። ቧንቧ ሠራተኛው በመጥረጊያ እንጨት ሲስባት ለሁለት ተከፈለች፤ ውስጧ የነበረው ነገር እንደ ደመና ውሃው ውስጥ ተበተነ። ላባው በሙሉ በአንድ ጥግ ተጠራቅሞ፣ ከአረንጓዴ አልጌ ጋር ተሸምኖ እንደ ፍራሽ ሆኗል። ከዚያ ሽታው ወጣ። እትዬ አፍንጫ ዓይኗን ጨፍና የጣሪያውን ግንብ ያዘች። አሁን ብትሸሽ ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ ቧንቧ ሠራተኛው ራሱ ጃኬቱን አፍንጫው ላይ ጠምጥሟል። አልሸሸችም። ፌስታሉን ከፍታ ያዘችለት፤ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ ሲገባ፣ የፌስታሉ ሥር ሲሞቅ፣ ሲከብድ ያዘችለት።

ከኋላቸው ያ የመንገድ ዳር ምግብ ያልበገረው ሆድ ተበገረ። ወንድሟ ግንቡን ተደግፎ የበላውን ብቻ ሳይሆን ያሰበውን ሁሉ አስመለሰ።

«ቡና የማፈላበት…» ይላል በመሃል። «ጥርሴን የማጥብበት…» እንደገና ያስመልሳል።

ሕንፃው ሁሉ ሰማ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በየፎቁ የሚያስመልስ ሰው ድምፅ ነበር። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ባልና ሚስት ልጆቻቸው ለወራት ሆዳቸውን ሲታመሙ የከረሙት በምን እንደሆነ ገባቸውና ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ታንከሩ ተደፋ፣ ተፋቀ፣ በበረኪና ታጠበ፣ ክዳን ተገዝቶ በሽቦ ታሰረ። ቧንቧ ሠራተኛው ሲወጣ ሲጋራውን ከጆሮው ላይ አንስቶ አየውና ጣለው።

የሠርጉ ቢራ ሥራ ሲጀመር ሁለቱ ብዙ ሳይነጋገሩ ተከፋፈሉት። ማጠቡ የእሱ ሆነ፤ እያንዳንዱን ቧንቧ ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ በብሩሽ ፈትጎ ለእሷ ይደረድርላታል። አዮዲኑ የእሷ ሆነ። በሩን ዘግታ፣ መስኮቱን ከፍታ ትለካለች፣ ትነክራለች፣ ትዘቀዝቃለች። ጠርሙሶቹ ተንጠፍጥፈው ሽታቸው እስኪጠፋ እሱ አይገባም። ጣቶቿ እስከ ጥፍራቸው ድረስ ቡናማ ሆኑ። እሱም ቢሆን አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀለቀም። በሦስተኛው በርሜል ላይ በሩን ገፋ አድርጎ ገባና አጠገቧ ቆመ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ውጣ፣ አይጠቅምህም» አለችው።

«ትንሽ ልቁም።»

ጎማውን ሲነክር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሽታው ይሁን ከሌላ አልጠየቀችውም። እሷ ግን በዚያ ሰዓት፣ እጇ የአዮዲኑ ባልዲ ውስጥ እንዳለ፣ ወደ እሱ ሳትዞር ጠየቀችው፤ «መጨረሻ ላይ ያማት ነበር ወይ?» ያን ከሰዓት ሁሉ ነገራት። ስለ ፋሻው፣ ስለ ቁስሉ ፈሳሽ፣ ስለ አልጋው፣ ሌላ ሰው ሊሰማው ስለማይፈልገው ነገር ሁሉ። ሁለት ጊዜ አቅለሸለሻት። ሁለቱንም ጊዜ ዋጠችና፣ «ከዚያስ?» አለችው።

ቢራው ጠራ። አምበር ቀለም፣ ላዩ ላይ ወፍራም አረፋ፣ ክር የለው፣ ቆዳ የለው። በሠርጉ አዳራሽ እንግዳው ሁሉ እየጠጣ፣ «ከየት ነው የመጣው?» እያለ ጠየቀ፤ ወንድሟ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ደረቱን ነፍቶ መልስ ይሰጣል። ማንም ሽንት ቤት በር ላይ አልተሰለፈም።

እሷም ከልጅቷ ጋር ብርጭቆ አጋጨችና ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጉንጭ ጎነጨች። ልጅቷ ፊቷን እያየች ጠበቀች።

«እ? አክስቴ?»

ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት። «እንጀራ የታጠበበት ውሃ ይመስላል» አለች። «ምሬቱ ደግሞ የጆሮ ኩክ ነው። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ወር የተንገላታነው?»

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። ከጎናቸው አንድ ወፍራም እንግዳ የዶሮ አጥንት ጠርጎ ከጋጠ በኋላ ጣቶቹን ተራ በተራ እየላሰ፣ በዚያው እጅ ከመሃል ጠረጴዛው ዳቦ አነሳ፣ መረጠ፣ መልሶ አስቀመጠና ሌላ አነሳ። እትዬ አፍንጫ ወንበሯን አዞረች።

በማግስቱ ጠርሙሶቹ በሳጥን ተመለሱ። ወንድሟ ማጠቢያው ጋ፣ እሷ የአዮዲኑ ባልዲ ጋ ቆሙ። ግማሾቹ አፋቸው ላይ የከንፈር ቀለም አለባቸው። አንዱ ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ አብጦ፣ ተፈርፍሮ፣ አተላው ውስጥ ይዋኛል። ወንድሟ በሽቦ ሊያወጣው ሲታገል ቁራጩ ተበጠሰና ቡናማው ፈሳሽ እጁ ላይ ፈሰሰ።

«ኤጭ!» አለች። «ጣለው!»

«ጠርሙሱ ደህና ነው እኮ። ከታጠበ፣ አንቺ አዮዲን ካስነካሽው…»

«ጋሼ፣ አዮዲንም መጠን አለው። ጣለው አልኩህ!»

ጣለው። ቀጣዩን ጠርሙስ አነሳና ወደ ብርሃን አይቶ፣ አሽትቶ ሰጣት።